ድንኳን የነፈግናት ሴት

በምኖርበት ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቶቼ «ብር አዳይዋ» ይሉኛል። እንዴት እንደሚያናድደኝ! ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ደግሞ ብሶባቸዋል፤ ደረጃ ላይ ያገኘችኝ ሁሉ «እትዬ አጸደ፣ ለልጄ ከዚያ ከድርጅታችሁ አንድ ነገር ያስደርጉልኝ እንጂ» ትለኛለች። የእኔ ሥራ ሌላ ነበር። የሠፈር ሰዎች፣ እድሮች፣ ትምህርት ቤቶችና የሃይማኖት አባቶች ተሰባስበው ልጆቻቸውን ከጫት፣ ከሺሻ፣ ከአረቄና አሁን አሁን ደግሞ ከክኒን ለመጠበቅ ጥምረት ያቋቁማሉ። እኔ ከለጋሾች የመጣውን ድጋፍ ለየትኛው ጥምረት እንደሚሰጥ አጣራለሁ፣ ከተሰጠም በኋላ ምን እንደሠራ አብሬ እከታተላለሁ። «ታዲያ ይሄ ብር ማደል አይደል?» ካላችሁኝ እናንተም ከጎረቤቶቼ አትሻሉም፤ እስቲ ቁጭ በሉና ላውራችሁ።

ሥራ የጀመርኩት አቃቂ፣ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ክሊኒክ ውስጥ በነርስነት ነው። ቁስል አጥባለሁ፣ መርፌ እወጋለሁ፣ የሠራተኞቹን ልጆች እከትባለሁ። ከዚያ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ገባሁ፤ ደመወዙ ያው የመንግሥት ደመወዝ ነው፣ ስለሱ አላወራም። ወረዳ እያለሁ ነው ስከትባቸው እጄን የነከሱኝ ልጆች ጎርምሰው፣ ጉንጫቸው በጫት ተወጥሮ፣ ቃሊቲ የጭነት መኪና ማቆሚያ ዳር ተደርድረው ማየት የጀመርኩት። ከታክሲ ወርጄ እሳደባለሁ፤ «እናትህ ምን በወጣት!» እላለሁ። አንዱ አንድ ቀን «ማዘር፣ የቃምነው እኛ፣ የመረቀኑት እርስዎ!» አለኝና ጓደኞቹን በሳቅ ገደላቸው። እኔም ፊቴን አዙሬ ሳቄን ዋጥኩት።

ስድብ ሥራ እንዳልሆነ ያስተማሩኝ ጋሽ በላቸው ናቸው። ወደ ድጋፍ ሰጪው ድርጅት ስዛወር የመጀመሪያ አለቃዬ ነበሩ። ክረምት ከበጋ ከካኪ ጃኬታቸው የማይለዩ፣ ቀጭን፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማያውቁ ሰው ነበሩ። አንድ ጥምረት የድጋፍ ጥያቄ ሲያስገባ ወረቀቱን ከመጨረሻው ገጽ ነበር ማንበብ የሚጀምሩት። «ብሩ ሲያልቅ ምን እንደሚያደርጉ እዚህ ጋ ካልጻፉ፣ ፊት ላይ የጻፉት ሁሉ ምኞት ነው» ይሉኛል። «ግንዛቤ ማስጨበጥ» የሚለውን ቃል ካዩ ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ያሻሉ።

«አጸደ፣ ጫት እንደሚጎዳ ያልሰማ ልጅ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ የለም፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ያጣው ግንዛቤ ነው ወይስ የሚውልበት ቦታ?» ይሉና ቲሸርቱንና ባነሩን ከበጀቱ ላይ ይሰርዙታል። ቲሸርት ሲሰርዙ ደስታቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር።

ድጋፍ የጠየቀን ሠፈር ቢሮ ጠርተው አያነጋግሩም። በልጆቹ ሰዓት እንሄዳለን። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ ከልጆቹ ኋላ ኋላ እየተራመድን የት እንደሚቆሙ፣ ሲጋራ በነጠላ የሚሸጥላቸው ሱቅ የቱ እንደሆነ፣ መጋረጃ ተጋርዶ ጫማ የተደረደረበት በር የቱ እንደሆነ እናያለን። ከዚያ ጋሽ በላቸው ሁልጊዜ የሚጠይቋት አንድ ጥያቄ አለች፤ «የዚህን ክፍል ኪራይ የሚበላው ማነው?» መጀመሪያ ሰሞን ለፖሊስ ሊጠቁሙ ይመስለኝ ነበር። እሳቸው ግን የሚፈልጉት ሌላ ነው። ክፍሉ የአንድ ሰው እንጀራ ነው፤ እንጀራውን ሳትተካ ክፍሉን ብታዘጋው በሳምንቱ ጓሮ በኩል ይከፈታል።

ሌላ ደግሞ የወንበር ነገር ነበረባቸው። የጥምረት ስብሰባ ስንሄድ አንድ ባዶ ወንበር ያስመጡና መሀል ላይ ያስቀምጡታል። አንድ ጊዜ አርፍዶ የመጣ የወረዳ ኃላፊ ዘፍ ብሎ ቢቀመጥበት «ወንድሜ፣ ተነሥልኝ፣ ሰው አለው» ብለው አስነሡት። ሰውየው እስከ መጨረሻው ቆሞ የወንበሩን ባለቤት ሲጠብቅ ዋለ። ንግግሩ ሁሉ ካለቀ በኋላ ጋሽ በላቸው ይነሡና «ዛሬ ስለማን ስናወራ ዋልን? እሱ የት አለ? ወንበሩ ይኸው» ይላሉ። በሚቀጥለው ስብሰባ ወይ አንድ ቃሚ፣ ወይ አንዲት አረቄ ሻጭ ተጠርታ ትመጣለች፤ እውነተኛው ሥራ የሚጀመረው ያን ጊዜ ነው። ጡረታ ወጥተው ሲሰናበቱኝ ያሉኝ ነገር ቢኖር «ወንበሯን አደራ» ነው። ነፍሳቸውን ይማረው።

እሳቸው ከወጡ በኋላ የደረሰኝ ከባዱ ሥራ እዚያው ቃሊቲ፣ ከመኪና ማቆሚያው ጀርባ ያለው ሠፈር ነበር። ጥምረቱን የመሠረቱት የሠፈሩ እድርተኞች ናቸው። ሰብሳቢው አቶ ተሰማ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ የሠፈሩን ሰው ሁሉ ያስተዛዘኑ፣ ከቃላቸው ፈቀቅ የማይሉ ሰው ናቸው። ምክትላቸው ሀጂ ሰይድ ከወሎ መጥተው የከባድ መኪና መለዋወጫ የሚነግዱ ናቸው፤ ሁለቱ ሲከራከሩ ላያቸው የተጣሉ ይመስላሉ፣ ግን አንዱ ያለ አንዱ ሻይ አይጠጣም። ጥሩ ጀምረው ነበር። ለልጆቹ ሜዳ አስጠርገዋል፣ ሲጋራ በነጠላ የሚሸጡትን ሱቆች በልመና አስትተዋል። ታዲያ አንድ ቀን አቶ ተሰማ ከስብሰባው መሀል ተነሥተው አዲስ ሐሳብ አመጡ።

ሐሳቡ እድርተኛ ብቻ የሚያስበው ሐሳብ ነው። ፖሊስ ቢሆን ያሽጋል፣ ሐኪም ቢሆን ይመክራል፤ እድር ግን በእጁ ያለው ቀብር ነው። «ቤቱን ለመቃሚያና ለሺሻ የሚያከራይ ከእድር ይባረር» አሉ አቶ ተሰማ። «ሞት ቢደርስበት ጥሩምባ አይነፋለት፣ ድንኳን አይተከልለት። ያን ጊዜ እናያለን!» ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ ብድግ አልኩ። «አቶ ተሰማ፣ በሞቴ ይሄን አያድርጉት! ሰው ነገ ቢሞትስ?»

«ማስፈራሪያ ነው እንጂ ማን ይጨክናል ብለሽ?»

«ማስፈራሪያ ከሆነማ ለምን በቃለ ጉባኤ ይያዛል?»

«አንቺ ድጋፉን አምጪ፤ እድሩን ለእኛ ተይው» አሉኝ። ሀጂ ሰይድ አንገታቸውን አቀርቅረው መቁጠሪያቸውን ይቆጥሩ ነበር። እጅ ወጣ፣ አለፈ።

ቢሮ ገብቼ ስነግረው አዲሱ አለቃችን፣ በዕድሜ ልጄ ሊሆን የሚችል ሰው፣ ሊስመኝ ምንም አልቀረው። «በገዛ ባህላቸው! እትዬ አጸደ፣ ለጋሾቹ እኮ ይሄን ይወዱታል!» አለ። እውነትም ወደዱት። የመቃሚያ ቤቶቹ ተራ በተራ ሲዘጉ እንግዶች መጥተው የተዘጋ በር ፎቶ አነሡ። እኔ ደግሞ በልጆቹ ሰዓት ወጥቼ ከኋላቸው ተከተልኩ። ልጆቹ ጫት አላቆሙም። ከኮንቴይነሮቹ ጀርባ፣ ማንም ትልቅ ሰው በማይደርስበት ቦታ ተሸጉጠዋል፤ እዚያ ደግሞ ክኒን የሚሸጥ ሰው አግኝቷቸዋል። ይሄን ለአለቃዬ ብነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ።

ያልተዘጋ አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ የሙሉነሽ ቤት። ሙሉነሽ ባሏ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር ነበር፣ መኪና ተገልብጦበት ሞቷል። የአልጋ ቁራኛ የሆነች እናቷን ይዛ ቀርታ የኋላ ክፍሏን ለቃሚዎች ታከራያለች። እኔ ስሄድ በር ላይ ቆማ ነው የምታናግረኝ። «የእናቴን መድኃኒት እድሩ ይገዛልኛል? ካልገዛልኝ ልጆቹ ይቀመጡ። እኔ ቤት ቢያንስ ክኒን አይገባም፣ ያመጣ ሰው ካለ ናቲ ራሱ ነው ገፍትሮ የሚያስወጣው» አለችኝ። ናቲ የቃሚዎቹ አለቃ ነው፤ የመኪና ረዳት የነበረ፣ ሥራ አጥቶ የተቀመጠ፣ ምላሱ የተሳለ ጎረምሳ። ይሄንኑ ለአቶ ተሰማ ብነግራቸው «ሕግ ሕግ ነው» አሉና ስሟን ከእድሩ ሰረዙት።

ክረምቱ ሲወጣ አካባቢ፣ አንድ ማለዳ ሀጂ ሰይድ ደወሉልኝ። «አጸደ፣ የሙሉነሽ እናት አርፋለች። ጥሩምባ አልተነፋም። ነይ።» ስልኩን ዘጉት።

ከታክሲ ወርጄ ስሮጥ ሠፈሩ እንደ ወትሮው ነው። ሰው ዳቦ ይገዛል፣ መኪና ይሞቃል፣ ጥሩምባ ስላልተነፋ ለቅሶ መኖሩን የማያውቅ አለ፤ አውቆ ያላወቀ የመሰለም አለ። የሙሉነሽ ግቢ ስደርስ ግን ድንኳን ተተክሏል። ምን ድንኳን! የጭነት መኪና ሸራ ነው፣ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ከጋራዥ በመጣ ቱቦ ደግፈውታል። ናቲ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ ካስማ ይመታል፤ መዶሻ አጥቶ በጫማው ተረከዝ ነው የሚመታው። «እትዬ፣ ጎንበስ ብለው ይግቡ፣ ገመዱ ዝቅ ብሏል» አለኝ። ያን ልጅ ያለ ቀልድ ሲያናግረኝ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ውስጥ ወንበር የለም። ከመቃሚያው ክፍል የወጡ ፍራሾች በግድግዳው ዙሪያ ተነጥፈዋል፣ ሀጂ ሰይድ ጫማቸውን አውልቀው አንዱ ላይ ተቀምጠዋል። «አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ» ይሏታል ሙሉነሽን።

ሙሉነሽ ቀና ብላ አየችኝ። «እናቴ ምን አደረገቻችሁ?» አለችኝ። «እኔን ቅጡኝ፣ ቤቱ የእኔ ነው። እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ለዚህ እድር ከፍላለች፤ የሰው ሬሳ ሁሉ ሸኝታለች። እሷ ምን አደረገች?»

ተቃውሜ ነበር፣ ጮኬም ነበር፤ ግን ጩኸቴ ለዚያች ሴት ምን ያደርግላታል? አፈርኩ። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

ሬሳውን ልጆቹ ተሸከሙ። ሳጥኑን ሹፌሮች አዋጥተው ነው የገዙት። ወደ ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ መንገዱ በእድሩ መጋዘን በኩል ያልፋል፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ብረት ድስቱ ሁሉ እዚያ ተቆልፎ ነው። አቶ ተሰማ በሩ ላይ ቆመዋል፣ ቁልፉ በእጃቸው ነው። ሬሳው ሲደርስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ ከዚያ ግን እግራቸው አልንቀሳቀስ አለ። ናቲ ሳጥኑን እንደተሸከመ ዞር አለና «ፋዘር፣ ቁልፉን ይጠብቁ፤ እኛ ቀብረን እንመጣለን» አላቸው። አቶ ተሰማ ሲያለቅሱ አየሁ።

ያን ሩብ ዓመት ሪፖርት ያየሁትን ሁሉ ጻፍኩ። ቤቶቹ ተዘግተዋል፣ ልጆቹ ኮንቴይነር ጀርባ ናቸው፣ ክኒን ገብቷል፣ አንዲት ሴት እናቷን ያለ እድር ቀብራለች። አለቃዬ አነበበውና ፊቱ ገረጣ። «ይሄ ከገባ እኮ ድጋፉ ይታገዳል።»

«ይታገድ!»

«እትዬ አጸደ፣ ትንሽ ብናለዝበውስ?»

«ስማኝ ልጄ፤ ሬሳ አይለዝብም። ከፈለግህ እኔን አባርረኝ፣ ወረቀቱ ግን እንዲህ እንዳለ ይሄዳል» አልኩት። ምን ቆርጦኝ ነው የምቀይረው! ሄደ፤ ድጋፉም ታገደ። እኔን አላባረረኝም፤ ፈርቶኝ ይመስለኛል።

ብር የሌለበት ስብሰባ ምን እንደሚመስል የሠራበት ያውቀዋል። አበል ሲቀር ግማሹ ሰው ሥራ በዛበት። እኔ ግን መሄዴን አልተውኩም፤ በእረፍት ቀኔ፣ በራሴ የታክሲ ብር። በመጀመሪያው ስብሰባ አንድ ወንበር አንሥቼ መሀል ላይ አስቀመጥኩና የጋሽ በላቸውን ጥያቄ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቶ ተሰማ እጃቸውን አነሡ። «ተይኝ አጸደ፣ የማን እንደሆነ አውቃለሁ» አሉና ወጥተው ሄዱ። ሁላችንም ተቆጥተው የሄዱ መሰለን። «አለቀልን፣ ጥምረቱ ፈረሰ» አሉ አንዳንዶቹ።

የአርባው ዕለት ጠዋት ሙሉነሽ ቤት ነበርኩ። በሩ ተንኳኳ። ብትከፍተው አቶ ተሰማ ናቸው፤ ሀጂ ሰይድ ከጎናቸው አሉ። አቶ ተሰማ እንደ ጥንቱ የይቅርታ ወግ አንገታቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመዋል። ድንጋዩ ትንሽ አይደለም። ሀጂ ሰይድ ሊያግዟቸው እጃቸውን ቢዘረጉ በዓይናቸው ከለከሏቸው። «በድዬሻለሁ» አሉ።

ሙሉነሽ በሩን ይዛ ቆመች። እኔ ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። በመጨረሻ «ያውርዱት አባቴ» አለች። «እናቴን አይመልስልኝ። እዚያ ጋ ያኑሩት፣ ካስማ ለመምቻ ይሆናል፤ ያን ቀን ልጆቹ በጫማቸው ሲመቱ ተረከዛቸው አልቋል።»

አቶ ተሰማ ድንጋዩን አወረዱ። «ወደ እድርሽ ተመለሽልን» አሏት።

«ብቻዬን አልመለስም። ከነልጆቹ ከሆነ ነው።»

«የሚቅሙ ልጆች... እድር ውስጥ?»

«እየቃሙ ነው የቀበሩልኝ!» አለች ሙሉነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ሀጂ ሰይድ «አልሐምዱሊላህ፣ ተናገረችው» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው፤ ደረቅ፣ አድካሚ ሥራ። የእድሩ ድንኳንና ወንበር ለሠርግ እየተከራየ እንዲሠራ፣ ተካይና ነቃዩም ልጆቹ እንዲሆኑ አደረግን። ድንኳን በሚተከልበት ቀን እንዳይቃም ደንብ ያወጡት እነሱው ናቸው፤ ትልልቆቹ ቢያወጡት ኖሮ ይስቁበት ነበር። ቀስ በቀስ የድንኳን ቀን በዛ፣ የመቃሚያ ቀን አነሰ። ለጋሾቹን እንደገና ለማሳመን ደጅ ስጠና ከረምኩ። በስተመጨረሻ ትንሽ ድጋፍ ለቀቁልን፤ በዚያ የሙሉነሽን የኋላ ክፍል ለመኪና ረዳቶች ምሳ ቤት አደረግነው። ከኮንቴይነር ጀርባ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ ያወጣቸው ናቲ ነው፤ ሁሉንም ግን አላወጣቸውም፣ ያጣናቸው አሉ፣ ስማቸውን ሳስብ ዛሬም ይከፋኛል። ናቲ ራሱ ጫት ፈጽሞ ተወ ብዬ አልዋሽም። ሲጋራውን ግን ትቷል፤ ሥራም አለው፣ ምላሱም እንደተሳለ ነው።

ጡረታ ልወጣ ስል ለመጨረሻ ጊዜ ስብሰባቸው ላይ ተገኘሁ። የሚተካኝን ልጅ ላስተዋውቅ ነበር የሄድኩት፤ ሳላስተዋውቀው ሌላ ነገር ተነሣ። ኮንቴይነሮቹ አጠገብ አንዲት አዲስ የመጣች ሴት ክፍሏን ለሺሻ ማከራየት ጀምራለች፣ ልጆችም እየገቡ ነው አሉ። ወደ ሠፈሩ በቅርብ የገባ፣ የድሮውን ታሪክ የማያውቅ አንድ እድርተኛ ተነሥቶ «ምን ያስጨንቃል? ከእድር ማባረር ነው! ቀብር ሲቀርባት ልብ ትገዛለች» አለ። ወይ ጉድ! አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበለት። እኔ ደሜ ፈልቶ ልነሣ ስል ሙሉነሽ ቀድማኝ ተነሣች። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች።

ጠበቅናት። ናቲ በር በሩን ያያል። ስትመለስ ያችን ሴት በእጇ ይዛት ገባች። ሴትየዋ ፊቷን በሻሿ ሸፍናለች፤ ፍርድ ቤት የቀረበች መስሏታል። ያን ቀን ሰው ሞልቶ ስለነበር ባዶ ወንበር አልነበረም። አቶ ተሰማ፣ አሁን በጣም አርጅተው በምርኩዝ የሚሄዱት፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ተነሡ።

«ነይ ልጄ፣ ተቀመጪ» አሏት። «ይሄ የአንቺ ነው።»

ናቲ ሮጦ ሌላ ወንበር ቢያመጣላቸው አልቀመጥም አሉ። ስብሰባው እስኪያልቅ ከአጠገቧ ቆመው ዋሉ።